70 ኪሎው ለማን ተቀነሰ?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ፓሪስ ነዋሪዎቿን ስለ ክብደት ድምፅ አሰጠች። ክብደቱ የበዛ የቤት መኪና ይዞ ከውጭ የሚመጣ ሰው ለማቆሚያ ሦስት እጥፍ ይክፈል? ለመምረጥ የወጣው ሕዝብ እጅግ ጥቂት ቢሆንም አብላጫው ይክፈል አለ፤ በመሀል ከተማ የሰዓቱ ዋጋ 18 ዩሮ ሆነ። ወሰኑ በነዳጅ ለሚሄዱት 1.6 ቶን፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ለሚሄዱት 2 ቶን ነው። በቀጣዩ ወር ፖርሼ ታይካን ተርቦ ጂቲ የተባለውን ኤሌክትሪክ መኪናውን ለዓለም አሳየ፤ ከእሱም ጋር ቫይሳህ የሚባለውን የክብደት መቀነሻ ጥቅል።

ጥቅሉ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፤ ሥራው ማንሳት ነው። የኋላ ወንበሮቹ ተነስተው በቦታቸው የካርቦን ፋይበር ሽፋን ገብቷል። የኋላ ድምፅ ማጉያዎቹ የሉም። የወለሉና የሻንጣው ቦታ ምንጣፍ የለም። ከድምፅ መከላከያው ብዙው ወጥቷል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የነበረችው ሰዓት ሳትቀር ወርዳለች። በግራና በቀኝ ከነበሩት ሁለት የቻርጅ ማድረጊያ ቦታዎችም አንዱ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ተደምሮ 2,290 ኪሎ የነበረውን መኪና ወደ 2,220 ያወርደዋል። ልዩነቱ 70 ኪሎ ነው፤ የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት። መኪናው ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ወንበር ያለውም ወንበር የሌለውም ዋጋው እኩል ነበር፤ ከ230,000 ዶላር ይጀምር ነበር።

መኪና ወዳዶች በዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ አራት በር ያለው፣ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ቅንጡ መኪና የኋላ ወንበሩን አውጥቶ «ቀለልኩ» ማለቱ ማታለል ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ የምር የተሠራ የእሽቅድምድም መኪና ሁልጊዜም የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ሕመሙ የተመልካቹ ነው ብሎ ይመልሳል። ልቤ የሚያደላው ወደ መጀመሪያዎቹ ነው። የሚያቀርቡት ምክንያት ግን አያረካኝም። እነሱ የሚቆጥሩት ስንት ኪሎ እንደቀረ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የቀረው ኪሎ ወዴት እንደሄደ ነው።

ይህን በጾም ላስረዳ። ሥጋና ቅቤ ያላጣ ሰው ሁለት ወር ያህል ሁለቱንም ቢተው ማንም አስመሳይ አይለውም፤ መተው የሚችለው ያለው ሰው ብቻ ነውና። ስለዚህ «ሁሉ እያላቸው እንደሌላቸው ይሆናሉ» የሚለው ክስ በታይካን ገዢዎች ላይ አይሠራም። ግን የእኛ አባቶች ስለ ጾም ሲያስተምሩ ሌላ ነገር ይጨምራሉ፤ ሳትበላው የዋልከው ምሳ ለተራበ ሰው ይድረስ ይላሉ። ምሳው በሌማቱ ተከድኖ ውሎ ማታ ከእራቱ ጋር ቢበላ ጾሙ ፈርሷል አይባልም፤ አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። በመኪናው ላይ የምፈልገው ልዩነት ይኸው ነው። ወንበሩ ሲወጣ የተረፈው 70 ኪሎ ለማን ደረሰ?

ሌላ ቦታ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2013 አይ3 የተባለች ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ሲያወጣ የተሳፋሪውን ክፍል አካል ከካርቦን ፋይበር ሠራው። ክሩ ይመረት የነበረው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሞዝስ ሌክ በምትባል ከተማ፣ ከውሃ ኃይል በሚገኝ መብራት ነው። መኪናዋ ያኔ ወደ 1,200 ኪሎ ብቻ ትመዝን ነበር። አካሏ ስለቀለለ 22 ኪሎዋት ሰዓት በሚይዝ ባትሪ ከተማ ለከተማ መሄድ ቻለች፤ ባትሪው ስላነሰ ደግሞ እሱን የሚሸከመው፣ የሚያቆመውና የሚያንከባልለው ሁሉ አነሰ። ክብደት ክብደትን ይወልዳል፤ ትልቅ ባትሪ ትልቅ ፍሬን፣ ሰፊ ጎማና ጠንካራ አካል ይጠራል። አይ3 ያን ዙር ከመነሻው ቆረጠችው። ከመኪናዋ የቀረው ክብደት ለባለቤቷ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም፣ ለሚያልፈው እግረኛም፣ ሊቲየሙ ለሚቆፈርበት ምድርም ቀረ።

በቅለት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሳይነሳ የማይታለፍ እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን ናቸው። በሎተስ መኪኖቻቸው ከሞተር ጉልበት ይልቅ የክብደትን ማነስ አስቀደሙ፣ በዚያም እሽቅድምድሙን ለወጡት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ሞንዛ ላይ የቡድናቸው ሾፌር ዮኽን ሪንት በሎተስ 72 ሲሞት ለአደጋው መነሻ የሆነው የአንድ የፊት ፍሬን ዘንግ መሰበር እንደነበር ይታመናል። ሪንት የሎተስ መኪኖች ስስነት ቀድሞውንም ያሳስበው ነበር። የዚያ ዓመት ሻምፒዮንነት የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። ቅለት የሚያተርፍለት ሰውና ዋጋውን የሚከፍለው ሰው አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልግባ፤ ሌሎቹን በቶሎ አልፌአቸዋለሁ፣ ይህኛው ግን እንቅልፍ ይነሳል። የታይካንን ሥራ የሚያውቅ መሐንዲስ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «ስለ ምጽዋት ታወራለህ፤ እኛ ግን የምንመዘነው በሰዓት ነው። ይህ መኪና ገና ለገበያ ሳይቀርብ 20.8 ኪሎሜትር በሆነው በኑርቡርግሪንግ ላይ በ7 ደቂቃ ከ7.55 ሰከንድ ዞሯል፤ ቀድሞ ታይካን ተርቦ ኤስ ካስመዘገበው በ26 ሰከንድ ይፈጥናል። ሰዓት አይዋሽም።»

መጀመሪያ የመለስኩለት በስሌት ነበር። ከ2,290 ላይ 70 ሲነሳ 3 በመቶ ነው። በአንድ ፍጥነት ላይ መኪናው የሚይዘው ጉልበትም፣ ፍሬኑ የሚያጠፋው ሙቀትም በዚያው በ3 በመቶ ብቻ ይቀንሳል። ከ26ቱ ሰከንድ ብዙውን ያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ከቀድሞው የበዛው የሞተር ኃይል፣ ለእሽቅድምድም የተዘጋጀው ጎማ፣ የኋላው ክንፍ። ክንፉ ላይ ስደርስ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ይኸው ቫይሳህ ጥቅል፣ ወንበር አውጥቶ 70 ኪሎ የቀነሰው፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ አየሩ መኪናውን እስከ 220 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ወደ መሬት እንዲጫነው የሚያደርግ ቋሚ ክንፍ ገጥሞለታል። በአንድ እጅ 70 አንስቶ በሌላው 220 መጫን ምን ይባላል?

ግን መሐንዲሱ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ሁለቱ ክብደት አንድ አይደሉም። ወንበሩ ለጎማው ሸክም ከመሆኑም በላይ መኪናው ኩርባ ሲገባ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ሲነሳ አልነሳም፣ ሲቆም አልቆምም ይላል። የአየሩ ጫና ግን ጎማውን ወደ መሬት ገፍቶ መያዣ ይሰጠዋል እንጂ ራሱ የሚጎተት፣ የሚታጠፍ፣ የሚቆም ግዙፍ ነገር አይደለም። መኪናው ሲቆም እሱም ይጠፋል። መሐንዲሱ የሚሸሸው ያለበትን ሁኔታ ለመልቀቅ እምቢ የሚል ቁስን ነው፤ መጫንንማ ይፈልገዋል። ይህን ስረዳ «ቅለት» ብዬ በአንድ ላይ ስጠራው የነበረው ነገር ለሁለት ተከፈለብኝ፤ የክንፉን ነገርም ከክሴ ማውጣት ነበረብኝ።

ስለዚህ ወደ ባትሪው ዞርኩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው ታይካን ትልቁ ባትሪ 105 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቱ ወደ 625 ኪሎ ነው። የቀደመው 93.4 ይይዝ ነበር፣ ክብደቱም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ሴሎቹ ተሻሽለዋል ማለት ነው። እስቲ የድሮው መጠን ይበቃል ተብሎ በአዲሶቹ ሴሎች 93.4ቱ ብቻ ቢያዝስ? በቀጥታ ሲካፈል ባትሪው ወደ 556 ኪሎ ይወርዳል። ልዩነቱ 69 ኪሎ ነው። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ሰዓቷ ተደምረው ያመጡት ያህል! ሣጥኑና ማቀዝቀዣው በዚያው ልክ ስለማይቀንሱ ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ ቢሆንም ብዙ ይናገራል። ቴክኖሎጂው ያተረፈው 70 ኪሎ ገደማ ወደ ባትሪው ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ ሌላ 70 ኪሎ ከተሳፋሪው ተወሰደ።

መሐንዲሱ ለዚህም መልስ አለው፤ ከሁሉ የከበደኝም ይህኛው ነው። ባትሪ እንደ ነዳጅ ታንከር አይደለም። ታንከሩን ግማሽ ብታደርገው ሞተሩ ጉልበቱን አያጣም፤ ቶሎ ነዳጅ መቅዳት ብቻ ነው። ባትሪ ግን ማጠራቀሚያም ጡንቻም ነው። ኃይሉ የሚወጣው ከሴሎቹ በአንድ ጊዜ ሊፈስ ከሚችለው ነው፤ ባትሪውን ስታሳንስ እያንዳንዱ ሴል አብዝቶ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ይደክማል። ስለዚህ ባትሪውን መቀነስ ያንኑ ፍጥነት ለማምጣት የተሠራውን ነገር መቀነስ ነው። ወንበሩ ግን ለፍጥነት ምንም አይሠራም። በዚህ ዓላማ ውስጥ ከቆምን፣ መጀመሪያ መነሳት ያለበት በእርግጥም ወንበሩ ነበር። ፈልጌ ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

እንግዲህ መሟገቻዬ ጠበበ። ለእሽቅድምድም ሜዳ የተሠራ መኪና የሜዳውን ፍርድ ቢቀበል ነቀፌታ የለኝም፤ እዚያ ወንበር አለመኖሩ ማንንም አይጎዳም። የቀረኝ ጥያቄ ይኸው መኪና ታርጋ ለጥፎ ወደ መንገድ ሲወጣ ነው። እዚያ ሰከንድ አይቆጠርም። እዚያ ክብደትን የሚመዝኑት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ጎማው የሚበትነውን ብናኝ የሚተነፍሱት፣ መንገዱን የሚጠግኑት፣ በሌላ ትንሽ መኪና ውስጥ ሆነው ሊጋጩት የሚችሉት። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ሊቀመንበር ጄኒፈር ሆመንዲ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ያስጠነቀቁት ስለዚህ ነበር፤ የጠቀሱት ኤሌክትሪክ ሃመር ከ4,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ባትሪው ብቻ የአንድ ትንሽ መኪና ያህል ወደ 1,300 ኪሎ ይሆናል። ታይካን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን ወንበሩን ካወጣ በኋላም 2,220 ኪሎ ስለሆነ የፓሪስን 2 ቶን ወሰን አልፎ ይገኛል። ሾፌሩ የቀለለ መኪና ይነዳል፤ ለከተማዋ ግን ከባዱ እንደ ከበደ ነው። ከ70ው ኪሎ ለመንገደኛው የደረሰ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የኋላ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችል ለነበረው ልጅ ወይም ወዳጅ ደግሞ የደረሰው ቦታ ማጣት ነው።

ይህን እንዳልኩ ግን አይ3 ታሰበችኝ። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2022 ቆመ፤ ያ የካርቦን ክፍልም እንደዚያው ሆኖ ወደ ሌላ ሞዴል አልተሸጋገረም። አሠራሩ ውድ ነበር፤ ገዢውም ረጅም መንገድ የሚሄድ ባትሪ ፈለገ። እሷ ራሷም ዕድሜዋ ሲገፋ ባትሪዋ እያደገ ሄደ። በዚህ የፋብሪካ ባለቤት ብቻ አይከሰስም። በመንገድ ላይ ቀርቼ ይሆን የሚለው ሥጋት የብዙ ሰው ነው፤ ሁሉም ቦታ ደግሞ እኩል መሠረት የለውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ሲከለክል ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ የዞረው ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ውጭ እምብዛም በሌለበት አገር ነው። ቤተሰቡን ጭኖ ባሕር ዳር ለመሄድ የሚያስብን አባት «ባትሪህን አሳንስ፣ ለሌላው ይትረፍ» ብሎ መምከር ለእኔ ግፍ ይመስለኛል። የእሱ ትልቅ ባትሪ በመንግሥት ያልተሠራውን ጣቢያ እየተካ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁሉን መኪና የሚዳኝ መሆኑ ቀርቷል። የሚመለከተው ጣቢያ በሞላበት አገር፣ ባለ 105 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላይ የሚቀመጠውን ነው። ለእሱም ቢሆን መልሱን እርግጠኛ ሆኜ አልሰጥም፤ የመሐንዲሱ የጡንቻ ነገር ገና አልለቀቀኝም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ መጠየቄን አልተውም። የባትሪ ሴሎች መሻሻላቸውን ይቀጥላሉ፤ ያኔም አምራቹ በእጁ ጥቂት ትርፍ ኪሎ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያ ትርፍ ወደ ባትሪው ተመልሶ ገብቶ ነበር። በሚቀጥለው ዙር የኋላ ወንበሩን ይመልስበት ይሆን፣ ከ2 ቶን በታች ይወርድበት ይሆን፣ ወይስ ሌላ ጥቂት ሰከንድ ይገዛበት ይሆን?