የውሻው ጌታ ማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ውሻ ልጽፍልህ ስነሣ እንዳትስቅብኝ። በእኛ አገር ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት የሰውን ልጅ ነው። ነገር ግን ልጄን ለመጠየቅ በአሜሪካ ወደ ጆርጂያ ግዛት በሄድሁ ጊዜ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ እነሆ እጽፈዋለሁ።

በዚያ አገር ሰዎች ድርጭት ያድናሉ፤ ይኸውም እስራኤል በምድረ በዳ ከበሉት ድርጭት ጋር ቢመሳሰልም ዘሩ ሌላ ነው። ዐሥር ዐሥራ አምስት እየሆነ በሣር ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ሰው በዓይኑ ፈልጎ አያገኘውም። ስለዚህ ፖይንተርና ሴተር የሚባሉ ውሾች ያሰማራሉ። ውሻው ነፋስ የወፉን ሽታ ባመጣለት ጊዜ ዘሎ አይዝም፤ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆምና አዳኙ ደርሶ ወፎቹን እስኪያስነሣ ይጠብቃል። መቆሙ ከዘሩ የወረሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው መታገሡ ግን የትምህርት ፍሬ ነው። ወፉ ብር ብሎ ሲነሣ፤ ጠመንጃው ሲጮህ፤ የተመታው ፊቱ ሲንፈራገጥ እንኳ ንቅንቅ የማይል ውሻ የወራት ድካም አለበት።

ይህን ድካም የማይችል ባለቤት ቡችላውን ለአሠልጣኝ ይሰጥና በየወሩ ይከፍላል። አሠልጣኙ ረጅም ገመድ አንገቱ ላይ አስሮ፤ እርግብ እየለቀቀ ያለማምደዋል። ጠመንጃን ማለማመድ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ቡችላው ወፍ በማባረር ደስታ ላይ ሳለ በሩቁ ባዶ ጥይት ይተኮሳል፤ ከብዙ ቀን በኋላ ጥቂት ቀረብ ይባላል። ቸኩሎ አጠገቡ የተኮሰ ሰው ውሻውን ለዕድሜ ልኩ ሊያስደነብረው ይችላል። ስንቱን ልጅ ከሒሳብ ትምህርት እንዲህ አድርገን እንዳስደነበርነው ሳስብ አፍራለሁ።

ሌላም አለ። ሁለት ውሾች ተሰማርተው አንዱ ሽታ አግኝቶ የቆመ እንደ ሆነ፤ ሁለተኛው ለራሱ ምንም ሳይሸተው ባልንጀራውን ባየበት ስፍራ መቆም አለበት። ቀድሞ ሮጦ የሌላውን ግኝት መንጠቅ ነውር ነው። ይህንንም «ማክበር» ብለው ይጠሩታል። በመምህራን ስብሰባ ብዙ ጊዜ ፈልጌ ያጣሁት ነገር ነው።

የልጄ ጎረቤት ቡችላውን ለሦስት ወር ሰጥቶ ተቀብሎ ነበር። እቤቱ ባመጣው በሳምንቱ ግን «ቁም» ሲለው ዞር ብሎ እያየው ይሮጥበት ጀመር። ሰውየው ገንዘቤ ተበላ ብሎ ተቈጣ፤ እኔንም ይዞ ወደ አሠልጣኙ ሄደ። አሠልጣኙ ያንኑ ቃል በዝግታ አለ፤ ውሻውም ቆመ። ከዚያ በኋላ፤ «ትምህርቱን አልረሳም፤ የማያውቀው እርስዎን ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይምጡ ብዬ ስንት ጊዜ ጠራሁዎት?» አለው። ሰውየው ክፍያውን ልኮ ነበር፤ ራሱ ግን አልመጣም ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የከፈለ ሰው የገዛው ምንድን ነው? ብልሃትን ከሌላ እጅ መቀበል ይቻላል። ቡችላን ለዐዋቂ መስጠትም ነውር አይደለም፤ ሳያውቁ በቁጣ ከማስተማር ይሻላል። በእንግሊዝ አገር ሃችንሰን የተባለው መኰንን እ.ኤ.አ. በ1848 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «ውሻ መስበር» ነው፤ ማሠልጠንን የሚጠሩት በዚያ ቃል ነበርና። ዛሬም በአንገት ታስሮ ከሩቅ በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያ አለ፤ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላዋለች፤ በአሜሪካ ግን ብዙዎች ይጠቀሙበታል። ጠንቃቃ አሠልጣኝ ውሻው አስቀድሞ በሚገባ ላወቀው ትእዛዝ ካልሆነ አይነካውም። ውሻው ምን እንደ ተማረ የማያውቅ ባለቤት ይህን መሣሪያ ቢይዝ ግን የሚቀጣው የራሱን አለማወቅ ነው። መታመን ግን ከእጅ ወደ እጅ እንደ ገንዘብ አይተላለፍም፤ ጌታው ራሱ በሜዳው ላይ ቆሞ የሚያገኘው ነው።

ይህን በውሻ ላይ ለመፍረድ ይቀለኛል። በወጣትነቴ በማስተምርበት ቤት አንድ ባላገር ልጁን አምጥቶ ሰጠኝ፤ ለዓመታትም ሳያጓድል ከፈለ። ልጁ ሲጨርስ ወሰደው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ መጣና፤ «መምህር፤ ልጄ አይሰማኝም፤ ለእርስዎ ነው እንጂ ለእኔ አልሆነም» አለኝ። እኔም ልጁ ስለ ተማረ ነው ብዬ መለስሁለት። እውነቱን ልናገርና፤ በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አባቱን ና፤ ከልጅህ ጋር ተቀመጥ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠራሁትም፤ እንደ ተጠራም ቢሆን የሚመጣ ሰው ነበረ።

ጎረቤቱ ከዚያ በኋላ አራት ቅዳሜ ተመላለሰ። በመጨረሻው ቀን አብሬው ነበርሁ። ሣሩ ውስጥ ተንበርክኮ ገመዱን ራሱ ያዘ። ውሻው ደጋግሞ አንገቱን እያዞረ አሠልጣኙን ይፈልግ ነበር፤ አሠልጣኙ ግን እንዳይታየው ሄዶ ከመኪናው ጀርባ ቆሞ ነበር።