ላላየነው ሥራ ማን ይመስክር?

የቤት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ደብረ ታቦርም ሆነ አዲስ አበባ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ማጽጃ ጫንበት»። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ሥሩ ግን የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው፦ ውስጡን መመርመር የማልችለውን ነገር ማመን ይገባኛል ወይ? ማጽጃ የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው። የፈለገውን ፋይል ያነባል፣ ይሰርዛል፣ ያሻውን ያስገባል። ዲስኩ ላይ ያለው ደግሞ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት መታወቂያ ስካን፣ የዘመድ የሕክምና ወረቀት፣ የሰበካ ጉባኤው የአባላት መዝገብ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይገኝበታል። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ የፍጥነት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የአደራ ጉዳይ ነው። ያልተረዱትን ማመን ነውር የለበትም፤ የሚጠየቅ ምስክር የሌለውን ማመን ግን የሰው አደራ ማጉደል ነው እላለሁ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ናት። በሌላ ደብር ድጓ የተማረ ሰው ለመምህርነት ሲበቃ ወደዚያ ይወጣል፤ ዜማው ይሰማል፣ ምልክቱ ይታያል፣ የሳተው ይታረማል፣ ከዚያ ይመሰከርለታል። በገጠር ደብር የሚያስቀድሰው ምእመን ድጓውን አይመረምርም፤ ብዙው ግዕዙንም አይሰማም። ያም ሆኖ እምነቱ ጭፍን አይደለም፤ ከመሪጌታው በላይ መምህር፣ ከመምህሩም በላይ ቤተልሔም አለችና። ስህተት ተገኘ ቢባል የሚጠየቅ ሰውና የሚኬድበት ደጅ አለ። የሶፍትዌሩ ዓለም ዘግይቶም ቢሆን የደረሰው እዚሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ የወረደን ፋይል በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» ቢከፍቱ፣ ፋይሉ የተፈረመ ከሆነ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል ገጽ ያገኛሉ፤ የሠሪው ስም እዚያ ሰፍሯል፤ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ነገር ብትነካ ፊርማው አይጸናም። ክራክ የተደረገው፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚዞረው ማጽጃ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ይህ ገጽ የለውም፣ ወይ ፊርማው ፈርሷል። መመሪያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ብሎ ነው። ዘበኛውን አሰናብቱልኝና ልግባ የሚልን እንግዳ ማን ያሳድራል?

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ክብደት አለው። ፕሮግራም ሲቀዳ ከባለቤቱ የሚጎድል ነገር የለም፤ ዋጋው በዶላር ነው፤ የደብረ ታቦር አስተማሪ ገንዘቡ ቢኖረው እንኳ ወደ ውጭ የሚከፍልበት መንገድ ጠባብ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን መጽሐፍ መገልበጥን እንደ በጎ ሥራ ስትቆጥር በኖረች አገር አዋጅ መጥቀስ ብቻውን ሕሊናን አያሳርፍም። የሚያጠግበው መልስ ከዚያው ከብራናው ይገኛል። ቁም ጸሓፊው ሲገለብጥ ብዙ ጊዜ ስሙንና ያስጻፈውን ሰው ስም ያኖራል። በመጽሐፉ ላይ የሚሰፍረው ግዝትም የቀዳውን አይነካም፤ የሚያወግዘው የሰረቀውንና የፋቀውን ነው። ክራክ የሚሠራው መፋቁን ነው፤ የሠሪውን ምልክት ያጠፋል፣ በምትኩ የራሱን እውነተኛ ስም አይጽፍም፣ ምን እንደጨመረም አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጂፒኤል የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ይህንኑ ልዩነት በሕግ ቋንቋ አስቀምጦታል፤ ቅዳ፣ አድል፣ ለውጥ፤ የባለመብቱን ማስታወቂያ ግን አታጥፋ፣ መለወጥህንም ግለጽ። ብሊችቢት የሚባለው ማጽጃ በዚህ ዓይነት ፈቃድ ያለ ክፍያ ይገኛል። ድህነት ስለዚህ ለክራክ በቂ ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይብሳል፦ ምስክር ያለውም ይከዳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የወጣው ሲክሊነር የተባለው ማጽጃ 5.33 እትም ከአምራቹ ከፒሪፎርም በትክክለኛ ፊርማ ነበር የተሠራጨው፤ ውስጡ ግን ሰርጎ ገቦች የከተቱት ኮድ ነበረበት። 2.27 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ጋ ደረሰ። ፊርማውን ያጣራ ሰውም ያየው እውነተኛ ፊርማ ነው። ታዲያ ምስክሩ ምን ጠቀመ? ጥቅሙ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ተመራማሪዎች ሲደርሱበት የሚጠየቅ ድርጅት ተገኘ፤ በወሩ ጉዳቱ በይፋ ተነገረ፣ የተበከለው እትም በቁጥሩ ተለየ፣ ንጹሑ ወጣ። ስም የለሹ ክራክ ቢመረዝ ማን ወጥቶ ያስታውቃል? ደግሞም በዚያ ወር ሲክሊነርን ያልጫነ ሰው ከዚህ መዘዝ ነጻ ነበር፤ አብዛኛው ተጠቃሚም ያለ እሱ ምንም አይቀርበትም። ማይክሮሶፍት የሬጂስትሪ ማጽጃዎችን እንደማይደግፍ ራሱ ተናግሯል። የቤት ኮምፒውተር የሚንቀራፈፈው በአብዛኛው አብረውት በሚነሡ ፕሮግራሞች፣ በሞላ ዲስክ፣ ባነሰ ራም፣ ባረጀ ሃርድ ዲስክ ወይም አቧራ በደፈነው ማራገቢያ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ታስክ ማናጀር» እና «ዲስክ ክሊንአፕ» ከዊንዶውሱ ጋር መጥተዋል፤ ለቀሩት የትኛውም ማጽጃ መፍትሔ አይሆንም። እናም ጥሩ ምስክር ያለውንም ቢሆን ያለ ፍላጎት መጨመር አደራውን ለብዙ እጅ መበተን ነው።

ሦስተኛው የኑሮ ተቃውሞ ነው። ኢንተርኔቱ ውድ ነው፣ ይቋረጣል፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ ሌላ ምን ነበረ? ፍላሹ ደግሞ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። እውነት ነው። ሆኖም ፍላሽ መጠቀም ምስክር መተው አይደለም። የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ማሻሻያ እንደ አንድ ፋይል ከኩባንያው ገጽ ወርዶ በፍላሽ ሊዞር ይችላል፤ ፊርማውም ኢንተርኔት በሌለበት ይታያል። በአንጻሩ ኢንተርኔት ያለው ሁሉ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲትዝን ላብ እንዳጋለጠው፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የስለላ ሶፍትዌር የተላከባቸው አዶቤ ፍላሽ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ማሻሻያ ተመስሎ ነው። መስመሩ አልተቋረጠባቸውም፤ የመጣው ከማን እንደሆነ ግን ተሰውሮባቸው ነበር።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ «አፋጣኝ» እና «አዳሽ» የሚባል ፕሮግራም የሚቀርብለት ጊዜ ነው። የወንዜ ልጆች፣ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ክፈቱ፤ ማን እንደሠራው የማታውቁትንና የማትጠቀሙበትን አውጡ፤ አቅሙ ላነሰው ማሽን ቀለል ያለ ሊኑክስ ከባለቤቱ ገጽ አውርዳችሁ ሞክሩ። ፍላሽ የሚያቀብላችሁንም ሰው «ይህን ከየት አወረድከው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትክፈቱ።