ቀስትና ሸንጎ

አማርኛችን «አዳኝ» የሚለውን ቃል ለሁለት ጌታ አሳድሮታል። አውሬ የሚገድለውም አዳኝ ነው፤ ከሞት የሚያስጥለውም አዳኝ ነው። አንዱ ከ«አደነ»፣ ሌላው ከ«አዳነ» የወጣ ስለ ሆነ ሁለቱ መንገድ ላይ የተገናኙ እንግዶች እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው ግን ይህ መገጣጠም ዘወትር እንቅፋት ነው። ስዋሂሊ በበኩሉ ለአዳኝ ሁለት ስም አለው፤ «ምዊንዳጂ» በአደን የሚኖረው ሰው ሲሆን «ጃንጊሊ» ደግሞ ሕግ ያወገዘው ነው። እኛ ሁለተኛውን «ሕገ ወጥ አዳኝ» ብለን አስረዝመን እንመልሰዋለን። ቃሉን በመለስሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ሰውዬው ያው፣ ቀስቱ ያው፣ ዱሩም ያው ሆኖ ሳለ የትናንቱ ምዊንዳጂ ዛሬ ጃንጊሊ የሆነው ምን ቢለወጥ ነው? መልሱ አጭር ነው፤ እርሱ ባልተገኘበት ስብሰባ ላይ ውሳኔ ተላልፏል።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ሥነ ምግባር ጥያቄ ያደርሰናል። በቀስት ማደን የአባቶቼ ወግ ነው፣ መብቴ ነው የሚል ሰው ይህን ዕድል ለማስጠበቅ ከጎረቤቶቹ ጋር የመሰባሰብ፣ በማኅበር ገብቶ የመከራከር ግዴታ አለበትን? ወይስ ዱሩን ወድዶ ከሰው ሸንጎ መራቅ ራሱ የአደን ሕይወት አንዱ ክብር ነው? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኬንያ በጻቮ ዙሪያ የኖሩት ዋታዎች የዚህ ጥያቄ መራራ ምሳሌ ናቸው። ንግግራቸው ከኦሮምኛ የሚመደብ ሲሆን በኢትዮጵያም በቦረና ምድር በዚሁ ስም የሚጠሩ፣ በአደን ሲተዳደሩ የቆዩ ወገኖች አሉ። የዋታ ቀስት ዝሆን የሚጥል ቀስት ነው። ጅማቱን ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ የፍላጻው መርዝ ደግሞ የእኛ ሰው መረንዝ ብሎ ከሚያውቀው ዛፍ ወገን ተቀቅሎ የሚወጣና የልብን ምት የሚያቆም ነው። ጻቮ በ1948 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ድንበሩን ያሰመሩት የቅኝ ገዢው ሹማምንት ነበሩ፤ ዋታ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አልነበረውም። በ1956 እና በ1957 በተካሄደው ዘመቻ ቀስተኞቹ ራሳቸው ታደኑ፤ ብዙዎቹም ወኅኒ ወረዱ።

ከአሳዳጆቻቸው መካከል ለዋታ ያዘኑ አልጠፉም። በ1960 ከጻቮ በስተ ምሥራቅ፣ በጋላና ወንዝ አካባቢ፣ ዋታ በሕግ ተፈቅዶለት ከዝሆን እንዲጠቀም የታሰበ ዕቅድ ተጀመረ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ይሁንና ዋታ በዕቅዱ ውስጥ ቅጥር ሠራተኛ ሆነ እንጂ ባለቤት አልሆነም፤ ዕቅዱን ያወጡትም፣ የመሩትም፣ በኋላ የተዉትም ሌሎች ናቸው። ነገሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰመ፤ ሰፊው መሬትም ለከብት እርባታ ተከራየ። በ1977 ኬንያ የዱር አራዊት አደንን ከለከለች፤ የ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግ ደግሞ ለዕለት ጉርስ የሚደረገውንም አደን ወንጀል ብሎ ደነገገ።

እዚህ ላይ ለእውነት መቆም ያስፈልጋል። ዋታ ለሆዱ ብቻ አላደነም። የዝሆን ጥርስ በነጋዴዎች እጅ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርድ ነበር፤ ገበያው ሲሰፋ የሚወድቀው ዝሆንም ይበዛ ነበር። ስለዚህ «ያልበደለ ሕዝብ ተበደለ» ብሎ መደምደም ቀላል ቢሆንም ሙሉ እውነት አይደለም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ከቀስተኞቹ መካከል «ይህን ያህል ይበቃል» የሚል፣ ለወገኑም ለመንግሥትም በአንድ አፍ የሚናገር፣ መንግሥትም የሚያውቀው ጉባኤ አልነበረም። ገደብ የሚያበጅ ከውስጥ ሲጠፋ ገደቡ ከውጭ መጣ፤ ከውጭ የመጣው ደግሞ መጠን ማበጀቱን ትቶ ወጉን ከነሥሩ ነቀለው።

በሌላው የዓለም ጥግ የሆነውን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በ1911 ኢሺ የተባለ፣ ከያሂ ነገድ የተረፈ የመጨረሻው ሰው በካሊፎርኒያ ከዱር ወጣ። ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጁ ሆነና ቀስት አሠራሩንና አደኑን ከእርሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ፖፕ በ1923 ስለ ቀስት አደን ያሳተመው መጽሐፍ ግን በአሜሪካ ብዙ ሰዎችን ወደ ቀስት መለሰ። በ1934 የዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ለቀስተኞች ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት ፈቀደ። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ነዋሪዎች ስለ አደንና ስለ ዓሣ ማጥመድ ሐሳብ የሚሰጡበት ጉባኤ ተቋቋመ፤ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ የ72ቱ አውራጃዎች ሕዝብ ድምፁን ያሰማል። ድምፁ ምክር ነው፤ ሕግ አይደለም። ቢሆንም አዳኙም፣ ገበሬውም፣ አደንን የሚጠላውም በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ቀስተኛው ከሚገዛው ዕቃ ላይም በ1972 በወጣ የሕግ ማሻሻያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚውል ቀረጥ ይቆረጣል።

ይህን በቅናት የሚያነብ ሰው አንድ ነገር አይዘንጋ። ጥበቡ ማኅበርም፣ ወቅትም፣ ሕግም ሲያገኝ ጥበቡን ያስተማረው ሰው ወገኖች ግን አልቀው ነበር። ማኅበር ብርቱ መሣሪያ ነው፤ የሚያስጠብቀው ግን ለመሰብሰብ የታደለውን ሰው ዕድል ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች ይልቅ ልቤን የሚይዘው የታንዛኒያዎቹ ሐድዛዎች ጉዳይ ነው። በኤያሲ ሐይቅ ዙሪያና በያኤዳ ሸለቆ የሚኖሩት እነዚህ ሰዎች ቁጥራቸው ከ1,000 ብዙም አይርቅም፤ ከፊሎቹ ዛሬም በቀስት፣ በማር፣ በሥራ ሥርና በፍሬ ይኖራሉ። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብሯቸው እየኖረ ያጠናቸው እንግሊዛዊው ጄምስ ውድበርን አለቃ እንደሌላቸው፣ ማንም ማንንም እንደማያዝ ጽፏል። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ፍርድ አይሰጥም፤ የተጣሉት ዕቃቸውን ሰብስበው ወደየፊናቸው ይሄዳሉ። ወንዶቹ የብረት ጫፍ ያለውን ፍላጻ በቁማር ይበላላሉ፤ ዛሬ ያተረፈው ነገ ይከስራል፤ ሀብትም በአንድ ሰው ጎጆ አይከማችም። ቀስቱ ግን ለውርርድ አይቀርብም፤ ያለ ቀስት ሰው መብላት አይችልምና።

እንግዲህ ጥበባቸው ሁሉ በመለያየት ላይ የቆመ ሕዝብ ኮሚቴ አቋቁም ተባለ። የታንዛኒያ የ1999ኙ የመንደር መሬት ሕግ መሬቱን በመንደር ምክር ቤትና በመንደር ጉባኤ እጅ አኑሮታል። ከጉባኤ የቀረ ሰው መሬቱን የሚያጣው በሌለበት ነው። የሐድዛን አደን ያሳሳው የአዳኙ ብዛት አይደለም፤ ከብት አርቢውና አራሹ ወደ ሸለቆው ሲገቡ ሣሩ፣ ዛፉና አውሬው አብረው መሸሻቸው ነው። በ2007 ደግሞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ንጉሣውያን ጋር ግንኙነት ያለው የአደን ኩባንያ በያኤዳ ሸለቆ የአደን ፈቃድ አገኘ። ለመዝናናት የሚያድነው እንግዳ ሊገባ፣ ለመብላት የሚያድነው ባለአገር ሊወጣ ሆነ። ሐድዛዎችና ደጋፊዎቻቸው ጮኹ፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ትቶ ሄደ።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለመሬት ግን አልሠራም። ሐድዛዎች በ2011 ከ20,000 ሄክታር ለሚበልጥ መሬት የልማድ ይዞታ የምስክር ወረቀት የተቀበሉት ኡጃማ ኮሚኒቲ ሪሶርስ ቲም በተባለው አገር በቀል ድርጅት ረዳትነት፣ ከጎረቤት መንደሮች ጋር ብዙ ጊዜ ተቀምጠው፣ ወሰን ለክተው፣ የት እንደሚግጡና የት እንደማይግጡ ከከብት አርቢዎቹ ጋር ተስማምተው ነው። ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ ኤድዋርድ ሉሬ ለዚህ መሰል ሥራ በ2016 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሸልሟል። በመካከሉ የአስተርጓሚ ነገር አለ፤ ሙያዬ ስለ ሆነ አላልፈውም። የአገሪቱ ሕጎች ለብዙ ዓመታት የሚወጡት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ጉባኤው የሚካሄደው በስዋሂሊ ነው፤ ሐድዛው የሚያስበው ከማንም ጋር በማይዛመድ በራሱ ቋንቋ ነው። ቀስት ጨብጦ የማያውቅ የከተማ ሰው በዚህ ጉዳይ ድርሻዬ ምንድን ነው ቢል፣ ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ቀለበት መያዝ እንደሚችል ማየት አያዳግተውም።

ታዲያ በመሰብሰባቸው ያጡት ነገር የለምን? አለ። ፊርማ የሚፈርም ሰው ካለ የሚወከልበት ሥልጣን አለ፤ ሥልጣን ካለ ማንም ማንንም የማያዝበት ኑሮ ጥቂት በጥቂት ይሸረሸራል። ይህን ኪሳራ አቃልለው የሚያዩትን አልስማማባቸውም። ነገር ግን ከጉባኤ መቅረት ንጽሕናን እንደማይጠብቅ ከዋታ ዕጣ ተምረናል። በእኔ ግምት መሰብሰቡ ግዴታ ነው፤ የሚገባው ሰው ግን ምን እንደሚከፍል አውቆ ይግባ።

የማኅበሩ ጽድቅ በምን ይለካል ለሚለው፣ እኔ የምጠይቀው የገዛ አባሎቹን ምን ከልክሏል ብዬ ነው። ለአባሉ ፈቃድ ከመጠየቅ ሌላ የማያውቅ ስብስብ የጥቅም ሸሪክ ነው። «በዚህ ወራት አታድን፣ እርጉዟን አትንካ፣ ለገበያ አትግደል» ብሎ ወንድሙን የሚከለክል ስብስብ ሲሆን ግን ስለ አውሬው ለመናገርም ሥልጣን ያገኛል። አደንን በጭራሽ የሚቃወሙ ሰዎች የመርዝ ፍላጻን ጭካኔ ያነሣሉ፤ ክርክራቸው ተራ አይደለም፤ የቆሰለ እንስሳ ተከታትሎ የማይደርስ ቀስተኛ በምንም ወግ ስም አይጸድቅም። ሆኖም ሥጋውን ከከተማ ልኳንዳ የሚገዛ ሰው በሐድዛው ላይ ለመፍረድ አይቸኩል።

በያኤዳ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደኑ ባለመመንጠሩ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ይገኛል፤ ገንዘቡ ለመንደር ጠባቂዎች ክፍያ፣ ለትምህርትና ለሕክምና ይውላል። በማንጎላ በኩል የሚገኘው ገንዘብ ግን ሌላ ነው። ቱሪስቶች በጠዋት በመኪና ይመጣሉ፤ ለጥቂት ሰዓታት ከቀስተኞቹ ኋላ ይሮጣሉ፤ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከፍለው ይመለሳሉ። ከክፍያው የተወሰነው ወደ መጠጥ እንደሚሄድ በስፋት ይነገራል። ይህም «የቀስት አደን ዕድል» ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል፤ ገቢው ከአውሬው ሥጋ ሊበልጥም ይችላል። ነገ የማንጎላ ሐድዛዎች ተቀምጠው ቱሪስት የማይገባበት ቀን፣ የማይገባበት ሰፈር እንወስን ቢሉ ከመኪናው ክፍያ የሚቀርባቸው ገንዘብ አለ፤ ቢተዉትም የሚቀርባቸው ነገር አለ። የትኛው እንደሚብስ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እስካሁን ግን ቀኑን የሚቆርጠው በአብዛኛው አስጎብኚው ነው።