ቅንነት በልምምድ ይገኛልን?

የሥነ ልቦና ሕክምና ቴራፒስቱ ከታካሚው ጋር በሚመሠርተው ግንኙነት ላይ እጅግ የተመረኮዘ ሙያ በመሆኑ፣ ሥልጠናው አንድ ፍልስፍናዊ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ሰውን ከልብ ማዳመጥና ስሜቱን መረዳት በተደጋጋሚ ልምምድ የሚያዝ ችሎታ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ የተገኘው ርኅራኄ እውነተኛ ነው ወይስ በሚገባ የተጠና ትወና ነው የሚል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ለታካሚ ለውጥ አስፈላጊም በቂም ናቸው ካላቸው ስድስት ሁኔታዎች ሦስቱ የቴራፒስቱን ጠባይ የሚመለከቱ ናቸው። አንደኛው ኢምፓቲ፣ ማለትም የሌላውን ስሜት በእርሱ ቦታ ሆኖ መረዳት ነው፤ ሁለተኛው ታካሚውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ ሦስተኛው ደግሞ እውነተኝነት፣ ይኸውም ቴራፒስቱ በውስጡ የሚሰማውና በውጭ የሚያሳየው አንድ መሆኑ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ለማሳየት የሚለማመድ ሰው ሦስተኛውን እያፈረሰ ነው ሊባል ይችላልና።

ሮጀርስ ይህን ችግር በራሱ ሥራ አይቶታል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የምክር ውይይቶችን በሸክላ ይቀዳ ነበር፤ በ1942 ባወጣው መጽሐፍም ኸርበርት ብራያን በሚል የሽፋን ስም የተጠራውን ታካሚ ስምንት ውይይቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትሟል። ቅጂውን መልሰው ሲያዳምጡ የትኛው ምላሽ የታካሚውን ንግግር እንደከፈተና የትኛው እንደዘጋው ከራሳቸው አንደበት መስማት ቻሉ። ይሁን እንጂ ይህ የማዳመጥ ትምህርት ሲስፋፋ ታካሚው የተናገረውን የመጨረሻ ቃል መልሶ መድገም ብቻ ተደርጎ ተወሰደ፤ ሮጀርስም በዚህ እጅግ በመደንገጡ ስለ ኢምፓቲያዊ ማዳመጥ ለዓመታት ብዙም ሳይናገር ቆይቷል።

ጥያቄው ግን ከሮጀርስ እጅግ ይቀድማል። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሁለተኛ መጽሐፍ ሰው ቤት እየሠራ ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ የፍትሕ ሥራ እየሠራ ፍትሐዊ እንደሚሆን ካስተማረ በኋላ፣ ፍትሐዊ ሥራ የሚሠራ ሰውማ አስቀድሞ ፍትሐዊ ነው የሚለውን ተቃውሞ ራሱ ያነሣል። መልሱም አንድ ሥራ በአጋጣሚ ወይም በሌላ ሰው ምሪት ሊፈጸም እንደሚችል፣ የምግባር ሥራ የሚሆነው ግን ሠሪው እያወቀ፣ ለሥራው ለራሱ ብሎ መርጦና ከማይናወጥ ጠባይ ተነሥቶ ሲሠራው እንደሆነ የሚያስረዳ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ጀማሪው ቴራፒስት በመምህሩ ምሪት የሚናገረው የማጽናኛ ቃል ገና ያልበሰለ ነው እንጂ ሐሰት አይደለም። ሆኖም መልሱ ሙሉ አይደለም፤ አስመሳይም በመለማመድ ይሠለጥናልና፣ አታላይ ነጋዴ ፈገግታውን ከማንም በላይ ያጠናል።

ልዩነቱን ለማግኘት የሚለመደው ነገር ምን እንደሆነ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ የተለመደ መልመጃ ሠልጣኙ በቪዲዮ የተቀረጸ ታካሚ ፊቱ ይቀርብለታል፤ ታካሚው በቁጣ «አንተ ምንም አልገባህም፤ እዚህ መምጣቴ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል፤ ሠልጣኙም ወዲያው ድምፁን አውጥቶ ይመልሳል፣ መልሱ ይቀዳል፣ እርማት ይሰጠውና ያንኑ ክፍል ደግሞ ይሞክራል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ማስተባበያ ነው፤ ሁለተኛው ጥድፊያ ያለበት ይቅርታ ይሆናል። ከጥቂት ሙከራ በኋላ «እንዳልተረዳሁህ ሲሰማህ መበሳጨትህ ተገቢ ነው፤ የቱ ጋ እንደሳትሁ ንገረኝ» የሚል ቃል ሊወጣ ይችላል። ሠልጣኙ በዚህ መካከል የታገለው ከራሱ ፍርሃትና ክብሩን ከማስጠበቅ ፍላጎት ጋር ነው። አስመሳይ የሌለውን ስሜት በፊቱ ላይ ይስላል፤ ቴራፒስቱ ግን ያለው ስሜት እንዳይወጣ የከለከለውን ነገር ያስወግዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ በውጭ ቢመሳሰሉም አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው።

ይህ ሥራ በዕድሜና በልምድ ብዛት በራሱ አይመጣም። ሳይመን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ጥናት 170 ቴራፒስቶችን ከ6,500 በላይ ታካሚዎች ጋር ለዓመታት ተከታትለው፣ ውጤታቸው በአማካይ ከልምድ ጋር እንደማይሻሻል፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰን በ1993 በበርሊን ቫዮሊን ተጫዋቾች ላይ ያጠናውና ዓላማ ያለው ልምምድ የተባለው ሐሳብ፣ ማለትም አንዲትን ድክመት ለይቶ በመምህር እርማት ደጋግሞ መሥራት፣ ወደ ሥነ ልቦና ሕክምና የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ የሚያሳርም ተማሪ ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ ቅኔውን ሺህ ጊዜ መስማቱ ብቻውን ባለቅኔ እንደማያደርገውም ያውቃል።

ሆኖም መልመጃው የማይደርስበት አንድ ወሰን አለ። ሮጀርስ ከዘረዘራቸው ስድስት ሁኔታዎች የመጨረሻው ታካሚው የቴራፒስቱን ኢምፓቲና ተቀባይነት በጥቂቱም ቢሆን ሊያስተውለው እንደሚገባ የሚደነግግ በመሆኑ፣ ቴራፒስቱ ስለ ራሱ ቅንነት ምስክር መሆን አይችልም፤ ፍርዱ የታካሚው ነው። አንዳንድ ክሊኒኮች ለዚህ ሲሉ በየቀጠሮው መጨረሻ ስለ ግንኙነቱ የሚጠይቅ አጭር ባለ አራት ጥያቄ ቅጽ ያስሞላሉ። ነገር ግን በይሉኝታ ያደገ ሰው፣ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ባለሙያ «አልተረዳኸኝም» ከማለት ይልቅ ቅጹን በሙሉ ነጥብ ሞልቶ፣ አመስግኖ ወጥቶ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ታካሚ የሚገጥመው ቴራፒስት ከሁሉ አስቀድሞ ሊለማመደው የሚገባው፣ ምስጋናውን እንደ ውጤት ሳይቆጥር፣ ታካሚውን ሳያሳፍር ቅሬታውን እንዲያወጣ የሚያደርግ አጠያየቅ ነው።