«ሳላውቅ አደረግሁት» ስለ ማለት

አንባቢ ሆይ፥ በመርካቶ ገበያ ከጧት እስከ ማታ ከሚነገረው ቃል ሁሉ «ሳላውቅ ነው» የሚለውን ያህል የሚበዛ ያለ አይመስለኝም። ተሸካሚው በሸክሙ ጫፍ የአላፊውን ትከሻ ሲገጭ ሳላውቅ ነው ይላል፤ ነጋዴው የነቀዘውን እህል ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ ሲገኝ ሳላውቅ ነው ይላል፤ መልስ አጉድሎ የሰጠውም እንደዚሁ። አንዳንዱ እውነቱን ነው፥ አንዳንዱም ሐሰቱን ነው። እኔ ግን ዛሬ ልጠይቅህ የምወደው ስለ ሐሰተኛው አይደለም፤ የእርሱ ነገር ግልጥ ነውና። የምጠይቅህ በእውነት ስላላወቀው ሰው ነው። ሰው በእውነት ሳያውቅ ክፉ ቢያደርግ በእግዚአብሔር ፊት በደለኛ ይባላልን፥ ወይስ አይባልም?

ይህን ጥያቄ በኦሪት ዘኍልቍ በ22ኛው ምዕራፍ ከተጻፈው ከበለዓም ታሪክ ይልቅ አጥብቆ የሚያነሣ አላገኘሁም። ታሪኩን ታውቀዋለህ። በለዓም በአህያው ላይ ተቀምጦ ሲሄድ የእግዚአብሔር መልአክ ሰይፉን መዝዞ በመንገድ ቆመበት። አህያዪቱ አየችው፤ ባለ ራእይ የተባለው እርሱ ግን አላየውም። መጀመሪያ ከመንገድ ወጥታ ወደ እርሻ ገባች፥ ሁለተኛ እግሩን ከቅጥሩ ጋር አጣበቀችው፥ ሦስተኛ ከበታቹ ተኛችበት፤ ሦስት ጊዜም ደበደባት። አፏ በተከፈተ ጊዜ ስለ መልአኩ አንዳች አልነገረችውም። ከጠየቀችው አንዱ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ልማድ አይቶባት እንደ ሆነ ነው። እርሱም አላየሁብሽም አለ። ኋላም ዓይኑ ተከፍቶ መልአኩን ባየ ጊዜ ሁለት ነገር ባንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ መበደሉንም አለማወቁንም።

እነዚህ ሁለቱ እንዴት አብረው ይቆማሉ? ካላወቀ ምን በደለ? ከበደለስ አለማወቁን ስለ ምን ያነሣዋል? እኔ ይህን ነገር ብዙ ዘመን ሳላስተውለው ኖሬ ጥቂት የገባኝ ባልጠበቅሁት ስፍራ ነው። በስሜን ተራራ ጭላዳን ሲመረምሩ የኖሩትን ሊቃውንት ሥራ ሳነብ ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ሁሉ በዱር የማይገኝ፥ በደረቱ ላይ ጠጕር የሌለበት ቀይ ምልክት ያለው፥ በገደል አፋፍ ላይ ሣር እየነጨ የሚኖር እንስሳ ነው። ለአውሮፓ ሊቃውንት በ1835 ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ መንገደኛ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጻፍሁ።) አኗኗሩን በዱር ተቀምጠው በጥንቃቄ የመረመሩት ግን ብዙ ቆይተው የመጡ ናቸው። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ከባለቤቱ ጋር በ1971 በሳንቃ በር ሰፈረ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ጃፓናዊው ማሳኦ ካዋይ ከባልንጀሮቹ ጋር በግጭ ተቀመጠ። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን በስሜን ያቋቋሙት ምርመራ አለ፤ በመንዝም በጓሳ እንዲሁ ያለ ሥራ በ2005 ተጀመረ።

እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት በመናገር አይደለም። ጧት መንጋው ከገደሉ ሲወጣ ወጥተው ይቀመጣሉ፥ ማታ ወደ ገደሉ ሲወርድ ይመለሳሉ። እያንዳንዱን እንስሳ በፊቱና በጠባሳው ለይተው ስም ያወጡለታል። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፥ ማን የማንን ጠጕር እንደሚፈትሽ፥ ማን በምን ጊዜ ምን ድምፅ እንደሚያሰማ ዕለት ዕለት ይጽፋሉ። ወር አይበቃቸውም፤ ዓመታት ይፈጃሉ። አንድ እንስሳ ዛሬ ያደረገው ነገር ትርጕም ያለው መሆኑን ለማወቅ አስቀድሞ ትላንትና ከትላንት በስቲያ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ማወቅ ግድ ነውና። አንባቢ ሆይ፥ ይህ የበለዓም አህያ ጥያቄ አይደለምን? ልማዴ ይህ ነበረን ብላ ጠየቀችው። ልማዷን ያውቅ ነበር፤ ለውጡንም አይቶ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልፈለገም፥ በትሩን አነሣ እንጂ።

ያገኙትም ነገር እጅግ ያስደንቃል። በርግማን በ1013 ሳይሆን በእኛው ዘመን በ2013 እንደ ገለጠው፥ ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እየከፈተና እየገጠመ የሚያሰማው አንድ ድምፅ አለ፤ የከንፈሩ ፍጥነት የሰው ልጅ ሲነጋገር ከሚያሳየው ፍጥነት ጋር ይቀራረባል። በ2016 ደግሞ በታተመ ምርመራ እንደ ተገለጠው፥ ድምፁን አስረዝሞ በሚቀጥልበት ጊዜ በውስጡ ያሉት ቍራጭ ድምፆች እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ይህም በሰው ቋንቋ የታወቀ ሕግ ነው። መንገደኛ ግን ከዚህ ሁሉ ምን ያያል? ጭላዳው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ «አየኸው፥ ሳቀልን!» ይላል። እርሱ ግን አልሳቀም፤ ያ ምልክት የሚታየው በፍርሃትና በጠብ ጊዜ ነው። ፈርቶ ሳለ ሳቀ ተባለ።

በጓሳም የሆነውን ስማ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ሲያልፍ መንጋው አይሸሽም፤ ውሻ ሲመጣ ግን ይሸሻል። በ2015 የታተመው ምርመራ እንደሚለው ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ይሳካለታል፥ በጭላዳ መካከል ሲያድን ግን 67 ጊዜ። ቀበሮው አካሄዱን ያለዝባል፥ ጭላዳውም አካሄዱን አይቶ ይለየዋል። ሁለት አራዊት እርስ በርሳቸው ልማዳቸውን ተማምረዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በጭላዳ ቤተሰብ ሴቶቹ ብዙ ሲሆኑ የሚገዛቸው አውራ ወንድ አለ። ወንድና ሴት በተገናኙ ጊዜም ልማዳቸው ድምፅ ማሰማት ነው። ሴቲቱ ከሌላ ወንድ ጋር ስትገናኝ ግን ሁለቱም ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት ይልቁን አውራው ርቆ ባለበት ጊዜ ነው፤ ቢደርስባቸው ይቀጣቸዋልና። ይህ በ2013 ታተመ። አስተውል፤ መርማሪዎቹ የሰሙት ዝምታን ነው። ዝምታንስ ማን ይሰማል? በዚያ ስፍራ ድምፅ ሊኖር ይገባ እንደ ነበረ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ከተማሪዎች መካከል ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው አይጠፋም። «እንስሳ እንኳ ተደብቆ ያደርጋል፤ እንግዲያስ መደበቅ የፍጥረት ሕግ ነው፥ ምን ኃጢአት አለበት?» ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ በዚያው በስሜን አዲስ አውራ ቤተሰቡን በያዘ ጊዜ የቀደመውን አውራ ግልገሎች የሚገድልበት ጊዜ እንዳለም ተጽፎአል። ይህንን ግን ሥርዓት ይሁነኝ የሚል ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከእንስሳት ሥራ የምንመርጠው ምኞታችንን የሚደግፈውን ብቻ ከሆነ የመረጠው ምኞታችን እንጂ ጭላዳው አይደለም። መርማሪዎቹም ራሳቸው ተሰወሩ አሉ እንጂ ኃጢአት ሠሩ አላሉም፤ ጥንቃቄያቸው ያስመሰግናቸዋል። በእንስሳት ዘንድ ድምፅም ሥርዓትም ቅጣትም ተገኝቶአል፤ «በድያለሁ፥ አላወቅሁም ነበር» የሚል ግን መገኘቱን አላነበብሁም። ያ ቃል የበለዓም ነው፤ የእኔና የአንተም ነው።

አሁን ከተራራው ወርደን ወደ መርካቶ እንመለስ፤ ስለ ራሴ የምናገረው አለኝና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእህል በረንዳ ለቤቴ ጤፍ ገዛሁ። አህያ ነጂው ይህን ለማድረስ ሦስት አህያ ያስፈልጋል አለኝ። እኔም ተከራክሬ በሁለት አህያ ዋጋ አስማማሁት፤ በዚያን ጊዜ ብልህ መስዬ ታየሁ ለራሴ። ሲጭኑ አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው የነጂው ዘመድ የሆነ ልጅ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፥ ይቺ ዛሬ ደኅና አይደለችም፤ ገለባዋን አልበላችም፥ ጆሮዋንም ጥላለች» አለኝ። አልመለስሁለትም፤ ገንዘብ እቈጥር ነበር። በዳገቱ መካከል አህያዪቱ ቆመች። ነጂው መታት፥ አልተነቃነቀችም። መኪና ከኋላ ይጮኽ ነበር፥ እኔም ቸኵዬ ነበርና «ምን ታባብላታለህ? በላት እንጂ!» አልሁት። ያልሁትን አደረገ።

በደጄ ጭነቱ በወረደ ጊዜ በጀርባዋ ላይ የተደለደለው ጆንያ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ተነሣ። ገጣባ ነበረች፤ ቍስሉም የአንድ ቀን ቍስል አልነበረም። እኔም ወደ ልጁ ዘወር ብዬ «ሳላውቅ ነው» አልሁት። ልጁም «ነግሬዎ ነበር እኮ፥ ጋሼ» አለና ልጓሙን ይዞ ሄደ።

ሐሰት አልተናገርሁም። ቍስሉን በእውነት አላወቅሁም ነበር። ነገር ግን ቍስሉን ላለማወቅ ስንት ደጅ ዘግቼ እንደ ነበረ ቍጠርልኝ። ሦስት ያለኝን ነጂ ወደ ሁለት አወረድሁት፤ የልጁን ቃል እንደ ዝንብ ድምፅ አሳለፍሁት፤ አህያዪቱ ራሷ በመቆሟ ስትነግረኝ በትር አዘዝሁባት። በኦሪት ዘሌዋውያን ባለማወቅ ለተሠራ ኃጢአትም መሥዋዕት የታዘዘው በከንቱ አይደለም። ከዋሻ ውስጥ ተወልዶ ፀሐይን ያላየ ሰው አለማወቅና መስኮቱን የዘጋ ሰው አለማወቅ ባንድ ሚዛን አይመዘኑም። የኔ የኋለኛው ነበር፤ የበለዓምም ያው ይመስለኛል።

ስለ አህያ የከብት ሐኪሞች የሚሉትን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ባነብ በተሻለኝ። አህያ ከፈረስ ይልቅ ሕመሙን ይሰውራል ይላሉ። ምልክቱ ጥቂት ነው፤ መብል ይተዋል፥ ራሱን ያዘቀዝቃል፥ ጆሮውን ይጥላል፥ ክብደቱን ካንዱ እግር ወዳንዱ ያዛውራል፥ ከባልንጀሮቹ ይለያል። በደነገጠም ጊዜ እንደ ፈረስ ከመጋለብ ይልቅ ደርቆ ይቆማል፤ እኛም ይህን ግትርነት ብለን ስም አውጥተንለት ሰው ስንሰድብበት እንኖራለን። አገራችን ከዓለም ሁሉ አህያ የሚበዛባት ናት፤ የቤት አህያ የዘር አባት የሚባለው የአፍሪካ የዱር አህያም በአፋር በረሃ እስከ ዛሬ በጥቂቱ ይገኛል። ከማንም ይልቅ ይህን ልማድ ልናውቅ የተገባን እኛ ነበርን። ገለባዋን ያልበላችውን አህያ ያወቃት ግን ፊደል ያልቈጠረ ልጅ ነው፥ ጧት ጧት የሚያበላት እርሱ ስለ ነበረ።

«ሰው ተርቦ ሳለ ስለ አህያ መጻፍ ምንድር ነው?» የሚለኝ ይኖራል፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም። ነጂው በምልልስ የሚከፈለው ድኻ ነው፤ አህያዪቱ ብታርፍ ልጆቹ ይጾማሉ፤ እኔ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አፍ የለኝም። ሆኖም የዚያን ቀን ያልሰማሁት አህያዪቱን ብቻ ነበርን? ልጁንም አልሰማሁትም፤ እርሱ ደግሞ በአማርኛ ነው የነገረኝ። ሁለቱን ያለፋቸው አንድ ጆሮ ነው። በቤትህም ሁልጊዜ ስትዘፍን የነበረችው ሠራተኛ ሦስት ቀን ዝም ብላ እንደ ሆነ፥ በሱቅህም ተጫዋች የነበረው ልጅ ምሳውን ትቶ እንደ ሆነ፥ ይህን ሳነብ ያሰብኸው ሰው ካለ መጽሐፉን አጥፈህ ሂድና ጠይቀው፤ የቀረውን ኋላ ታነበዋለህ።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ እህል ልገዛ ተመልሼ ያንኑ ነጂ ፈለግሁት። አህያዪቱ ጀርባዋ ጠጕር አብቅሎ ነበር። የሦስት አህያ ዋጋ እከፍላለሁ ስለው ሳቀብኝ፤ አልጠላውም ግን። ልጁ ጭነቱ ሳይወጣ በፊት ከጆንያው በታች እጁን ሰድዶ ዳሰሰ፥ ቀጥሎም ገለባ አቀረበላትና ቆሞ ተመለከታት። እኔም ከጎኑ ቆምሁ። ምን እንደሚያይ ብጠይቀው ወደ ጆሮዋ አመለከተኝ፤ እኔ ግን ገና ልዩነቱን መለየት አልቻልሁም ነበር። «ዛሬስ ትችላለች» እስኪል ድረስ ጠበቅን፤ ነጂውም ጊዜዬን አጠፉብኝ ብሎ አሥር ብር ጨመረብኝ።