መደርደሪያ ላይ የቀረ ጨርቅ

በሐረር፣ አቦከር ያደጉ ሁለት አብሮ አደጎች ነበሩ፤ አንደኛው ዝምተኛ፣ ሌላው ጨዋታ አዋቂ። ሁለቱም ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ገቡ፣ ግሪን ካርድ ያዙ። ከዓመታት በኋላ በአንድ ክረምት የሁለቱም እናቶች ታመሙ።

ዝምተኛው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ቅጽ ሞልቶ ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም ተመልሶ የመግቢያ ፈቃድ ጠየቀ። ይህ ፈቃድ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፤ የሚጠየቀው ግን እዚያው አሜሪካ ሳሉ ነው፣ ከወጡ በኋላ አይሆንም። ጨዋታ አዋቂው ሳቀበት።

«እናቴን ለማስታመም ደግሞ ፈቃድ ልለምን? ይኸው፣ ካርዴ 10 ዓመት ይላል!»

ሐረር ገቡ። ዝምተኛው እናቱን እያስታመመ የአሜሪካ ቤት ኪራዩን ከፈለ፣ ግብሩንም በነዋሪነት በወቅቱ አሳወቀ። በ14ኛው ወር እናቱ ሲጠነክሩ እጃቸውን ስሞ ተመለሰ።

የጨዋታ አዋቂው እናት የዳኑት በ4ኛው ወር ነበር። እሱ ግን ቀረ። ጠዋት ሆጃ፣ ከሰዓት ጫት፣ ማታ ወግ። «መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉት «አሜሪካ የት ትሄዳለች!» ይላል። በ19ኛው ወር ቦሌ ሲደርስ፣ ሰነድ የምታየው ልጅ የወጣበትን ቀን ቆጠረችና ካርዱን በትሕትና መለሰችለት። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ለቆየ ሰው ካርዱ ብቻውን አይበቃም።

የቀረው መንገድ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነበርና እንጦጦ መንገድ ወዳለው ኤምባሲ ሄደ። ስትወጣ ለመመለስ አስበህ ነበር? ያቆየህ ከአቅምህ በላይ የሆነ ነገር ነው? ማስረጃህስ? የእናቱን የሕክምና ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱ 4 ወር ሸፈነለት። ለቀሪው 15 ወር የሚፈርምለት ሐኪም አልነበረም።

አንገቱን ደፍቶ ሐረር ተመለሰ፤ በመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊ የሆኑት አጎቱ ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ። ለመንገዱ ስም የሰጡት የስፌት መኪኖች እንደ ልማዳቸው ይንጫጫሉ።

«ጋሼ፣ ካርዴ እኮ ገና አላለፈበትም!»

ሽማግሌው እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው ወደ መደርደሪያው አመለከቱ።

«ያን ሰማያዊ ጨርቅ ታያለህ? ሁለት ዓመት ሆነው። ባለቤቱ ጅጅጋ ነው። ሲሄድ ‹እዘገያለሁ፣ አደራ› ብሎኛል፤ በየወሩ ይደውላል፣ ግማሹን ሂሳብ ልኳል። አልነካውም። ከጎኑ አንድ ሌላ ነበር፣ ከዚህ የሚያምር። የሱም ባለቤት እንዲሁ ሁለት ዓመት ቆየ፤ ቃልም አልተወ፣ ሰውም አልላከ። ለዓረፋ ቆርጬ ለሌላ ሰፋሁት። በኋላ መጣና ‹ደረሰኜ ይኸው!› ብሎ ጮኸ። የጨርቁን ዋጋ ሰጠሁት። ‹ልጄ፣ ደረሰኙ ጨርቅ እንደሰጠኸኝ ይመሰክራል፤ እንደምትፈልገው የምትመሰክረው ግን አንተ ነህ› አልኩት።»

ጎልማሳው ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ እኔ አልፈለግኩትም ማለት ነው?» አለ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ። እናት አጠገብ መኖር ነውር የለበትም፤ ‹መርጬ ቀረሁ› ብትል ኖሮ አከብርህ ነበር። አንተ ግን አልመረጥክም፤ ቀኑ መረጠልህ።»

መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

ዛሬ አቦከር ውስጥ ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ያ ጨዋታ አዋቂ ሳይጠሩት ይደርሳል። ሰላምታው ካለቀ፣ ሆጃው ከተቀዳ በኋላ ይጠይቃል። ቆይታቸው ከ6 ወር ካለፈ ሲመለሱ ጥያቄ እንደሚጠብቃቸው፣ በ11ኛው ወር አሜሪካ ለሳምንት ብቅ ብሎ መመለስም ኑሮው እዚህ ለሆነ ሰው መድኅን እንደማይሆን ይናገራል። በቅርቡ አንዲት እንግዳ «ኧረ ለእኔ አታስብ!» ብላ ካርዷን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል እጇን ያዘ።

«ተይው እትዬ፣ ደረሰኙን አይደለም የጠየቅኩሽ። ስትወጪ ምን ብለሽ ወጣሽ?»