በሁለት ጉዞ መካከል፦ በቤታችን እንግዶች ነን ወይስ ልጆች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ክረምት በጾመ ፍልሰታ፣ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ስንወያይ ከመካከላችን አንዱ፣ «ለመሆኑ ቤታችሁ ስትሆኑ ምን ትሠራላችሁ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል መስሎን ሳቅን። አንዱ «እተኛለሁ» አለ። ሌላው «ትምህርት እስኪከፈት እጠብቃለሁ» አለ። ሦስተኛው «ምንም» ብሎ ዝም አለ። ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ጎንደርና ስለ አዲስ አበባ ብንጠየቅ ግን እስከ ማታ ባወራን ነበር። ወደየቤታችን ስንመለስ መልሳችን ራሳችንን አሳፈረን። ይህችን ጽሑፍ የወለደው ያ እፍረት ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሰው ከአንድ ጉዞ ተመልሶ ለሌላው እስኪነሣ ድረስ በቤቱ የሚያሳልፋቸው ቀኖች ምንድን ናቸው? መንገደኛ አውቶቡስ እስኪመጣለት የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ናቸውን? ወይስ ራሳቸውን የቻሉ፣ እግዚአብሔር የሚጠይቀን የሕይወት ክፍል ናቸው?

አገራችን መንገድን የምታውቅ አገር ናት። ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ስንቱ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ወጥቷል! ከዚያም ለድጓው ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ድረስ ተሻግሯል። ከእነዚህ የቆሎ ተማሪዎች ብዙዎቹ ለወላጅ ሳይነግሩ በሌሊት የወጡ ናቸው፤ እናቶቻቸውም ዓመታት ጠብቀዋቸዋል። ፍኖተ ሰላም ከተማችን እንኳ ስሟ የጉዞ ስም ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው በጎጃም በኩል ሲያልፉ «የሰላም መንገድ» ተብላ እንደ ተሰየመች ይነገራል። እኛም የዛሬዎቹ ተማሪዎች መንገደኞች ነን። ልዩነቱ እኛ በአውቶቡስ መሄዳችንና በየዓመቱ መመለሳችን ነው። እንግዲህ መመለስ ከተሰጠን፣ የተመለስን ጊዜ ምን እንሆናለን?

በመጀመሪያ፣ በገዛ ቤታችን እንግዳ እንሆናለን። የአንዱን ወንድማችንን ነገር በፈቃዱ እንጽፋለን። ቤቱ በቡሬ ዙሪያ ገጠር ነው። በሐምሌ አጋማሽ ከዩኒቨርሲቲ በደረሰ ዕለት እናቱ እልል ብላ ተቀበለችው፤ ዶሮም አረደችለት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ጥዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ እየተነሣ፣ የታጠበ ልብስ እየለበሰ፣ የቀረበለትን እየበላ ሰነበተ። አባቱ በጭቃው ውስጥ በቆሎ ሲኮተኩት እርሱ ደጅ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ታናሽ እኅቱ ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ ስትመለስ መንገድ ይለቅላታል፤ ጀሪካኑን ግን አይቀበላትም። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። ማንም «ና አግዝ» አላለውም፤ እርሱም አልጠየቀም።

አንድ ሌሊት መደብ ላይ ተኝቶ ሳለ እኅቱ በሹክሹክታ፣ «እማ፣ የዘንድሮው ደብተር ከምን ይገዛል?» ስትል ሰማ። እናቱም፣ «ዝም በይ፣ ወንድምሽ ይሰማሻል» አለቻት። ለካ የታረደችው ዶሮ እንቁላል የምትጥለው ነበረች! የእንቁላሉ ገንዘብ ለመስከረም ደብተርና እስክሪብቶ የታሰበ ነበር። ወንድማችን ያን ሌሊት አልተኛም። ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት በትምህርት ቤት የጻፈውን ሁሉ እያስታወሰ፣ የእኅቱን ደብተር እርሱ እንደ በላው ዐወቀ።

አባቶች «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ነው» ይላሉ። ይህ ለእውነተኛ እንግዳ የተነገረ ነው። የእናት እንግዳ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ወርቅ ነው፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። የጎረቤት ሰው ቢከብዱበት በሦስተኛው ቀን ፊቱን ያጠቁርባቸዋል፤ እነርሱም ይነቃሉ። እናት ግን ፊቷን ስለማታጠቁር እኛ የምንነቃበት ነገር የለም። ስለዚህ የምንነቃው በራሳችን ኅሊና ብቻ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ያልደረስነው ለቅሶ አለ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ርቀን ሳለን በየመንደራችን ሰው ይሞታል፣ ሰው ይወለዳል፣ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል። በአገራችን ልማድ ከሩቅ የመጣ ሰው ዘግይቶም ቢሆን የሐዘንተኛውን ደጃፍ ረግጦ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል። እኛ ግን «ወሩ አለፈ፤ ተዝካሩም ወጥቷል፤ አሁን ሄጄ ምን እላለሁ?» እያልን እናልፋለን። ከመካከላችን አንዷ እንዲህ ስታዘገይ ባሏ የሞተባቸውን አንዲት ባልቴት በገበያ መንገድ ላይ አገኘች። አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ብትጠይቃቸው፣ «እኔስ አልተቀየምሁም ልጄ፤ እሱ ግን ይወድሽ ነበር» አሏት። ከዚህ የሚከብድ ወቀሳ አልሰማንም።

ነገሩን ስንመረምረው ለቅሶ መድረስ ወሬ ማድረስ አይደለም። ሟቹ ከማኅበራችን አንዱ እንደ ነበረ፣ እኛም ከዚያው ማኅበር እንዳልወጣን በእግራችን የምንመሰክርበት ነው። ዕድሩም፣ ደቦውም፣ የጽዋ ማኅበሩም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ ነገሮች በሌለንበት ጊዜ ቤተሰባችንን ሲጠብቁ ኖረዋል። አባታችን በታመመ ጊዜ እርሻውን ያረሱለት እነማን ነበሩ? እኛ ፈተና ላይ ነበርን፤ ያረሱለት በደቦ የወጡት ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ዕዳ ለመክፈል ያለን ጊዜ በቤት የምንቆይባቸው ጥቂት ቀኖች ናቸው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሥጋችን ቤት ሆኖ ልባችን ሌላ ቦታ ይሆናል። እናት ወጥ እየሠራች ታወራናለች፤ እኛ በስልካችን ከሩቅ ጓደኛ ጋር እንጨዋወታለን። በከተማው ሳለን «አገር ቤት ናፈቀን» እንላለን፤ አገር ቤት ስንደርስ ከተማው ይናፍቀናል። እንዲህ ከሆነ በየትኛውም ቦታ አልኖርንም ማለት ነው።

ይህን ስናስብ የግሽ ዓባይ ምንጭ ትዝ ይለናል። የፖርቱጋል ተልእኮ አባል የነበረው ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1618 እዚህ ምንጭ ደርሷል። ከ152 ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ሰከላ ገባ፤ በ1790ም የጉዞውን ታሪክ በአምስት ቅጽ አሳተመ። የዓባይን ምንጭ በማየቱ ታላቅ ሥራ እንደ ሠራ ቈጠረ። ነገር ግን ብሩስ በደረሰባት ዕለትም አንዲት የሰከላ ልጅ እንስራዋን ይዛ ውኃ ልትቀዳ መውጣቷ አይቀርም። ለእርሱ የጉዞ ፍጻሜ የሆነው ቦታ ለእርስዋ የዕለት ቤት ነበር። ታዲያ ከሁለቱ ምንጩን ይበልጥ የሚያውቀው ማን ነው? ብሩስ አይቶ ጻፈ፤ ይህ ዋጋ አለው፤ አንንቀውም። እርስዋ ግን በበጋና በክረምት፣ በውርጭና በጉም፣ ስትታመምና ስትድን ቀዳችበት። እኛ የዚህ አገር ልጆች ሳለን ቤታችንን እንደ ብሩስ ልናየው ጀምረናል፤ ደርሰን፣ አይተን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን እንመለሳለን።

እዚህ ላይ የሚቃወመን ሊኖር ይችላል። «ተማሪ ደክሞ ይመጣል፤ ማረፍ ኃጢአት ነውን? ደግሞስ እናት ልጇን ማስተናገድ ደስታዋ ነው፤ ደስታዋን እንዴት እንከለክላታለን?» ይለናል። ቃሉ እውነት አለበት። ጌታችንም ሐዋርያቱ ከስብከት በተመለሱ ጊዜ ወደ ገለልተኛ ስፍራ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነግሯቸዋል (ማር. 6፥30-31)። የእናትንም ዶሮ አልበላም ማለት ትሕትና አይመስለንም፤ እንዲያውም ልቧን መስበር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን በደስታ እንቀበል። ነገር ግን ዕረፍት ማለት የእኛን ድካም በሌላው ትከሻ ላይ ማዞር አይደለም። እኛ ያረፍንበት ሳምንት ለእኅታችን ድርብ ሥራ ከሆነባት፣ ያ ዕረፍት ሳይሆን ሸክምን ማስተላለፍ ነው። እናትም ልጇ አብሯት እንጨት ሲፈልጥ፣ ቡናውን ሲወቅጥላት፣ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያወራት የምታገኘው ደስታ ቁጭ ብሎ ሲበላ ከምታገኘው ያንሳልን? ፈትነን አየነው፤ አያንስም።

የሃይማኖታችን ትምህርትም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፣ ጤፉ ሲያሸትና ሜዳው አበባ ሲለብስ፣ በማኅሌተ ጽጌ የእመቤታችንን ስደት እናስባለን። ስደቱን እናውቀዋለን፤ ስንቆምለትም እናድራለን። ከስደት መልስ በናዝሬት የነበረውን ኑሮ ግን ስንቶቻችን እናስበዋለን? ቅዱስ ሉቃስ ጌታችን በ12 ዓመቱ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በመቅደስ ከሊቃውንት ጋር እንደ ተገኘ ይነግረናል። ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ለእናቱና ለዮሴፍ ይታዘዝ እንደ ነበር ጽፎ፣ ዕድሜው ወደ 30 ዓመት እስኪደርስ ያለውን በዝምታ ያልፈዋል (ሉቃ. 2፥41-52፤ 3፥23)። 18 ዓመት ያህል! ሊቃውንቱን በጥያቄው ያስደነቀው እርሱ ቤቱ ገብቶ ታዘዘ። እኛ ሦስትና አራት ዓመት ተምረን ውኃ መቅዳት ካሳፈረን፣ ከማን እንበልጣለን?

ቅዱስ ጳውሎስም በጉዞ የታወቀ ሐዋርያ ነው። ሆኖም ከመጀመሪያው ጉዞው በኋላ ወደ አንጾኪያ ተመልሶ ማኅበሩን ሰብስቦ እግዚአብሔር የሠራውን ነገራቸው፤ ከእነርሱም ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጠ (ሐዋ. 14፥26-28)። በቆሮንቶስ ሳለም ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥1-3)። ታላቅ መንገደኛ በተቀመጠበት ቦታ በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳልሆነ ዘመናችን አሳይቶናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ታላላቆቻችን ለወራት ቤት ዋሉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህም መንገድ በየጊዜው እየተቋረጠ ብዙዎቻችን ካሰብነው ቀን በላይ በቤት ቆይተናል፤ ሌሎቻችንም ወደ ቤት መግቢያ አጥተን በሩቅ ቀርተናል። የቆየነው «ጊዜያችን ባከነ» ብለን አጉረመረምን፤ በሩቅ የቀሩት ደግሞ እኛ ያማረርንበትን አንድ ቀን በዕንባ ተመኙት። አንዱ የናቀው ቀን ለሌላው ጸሎቱ ከሆነ፣ ያ ቀን ባዶ ነበር ማለት አንችልም።

በመጨረሻ የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ነገር እናንሣ። ጻድቁ ወደ እስር በተወሰዱ ጊዜ መጻሕፍቶቻቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ዓባይን «ግሽ» ብለው ቢጠሩት ውኃ ሳይነካቸው መልሶ ሰጣቸው፤ ቦታውም ስሙን ከዚህ አገኘ ተብሎ በገድላቸው ይነገራል። እኛም ስንሄድ አደራ ጥለን እንሄዳለን፤ እናትን፣ አባትን፣ ታናናሾችን፣ ደብራችንን። ነገር ግን ሰው እንደ ጻድቁ መጻሕፍት አይቀመጥልንም። ስንመለስ እናት አንድ ዓመት አርጅታ፣ ታናሽ እኅት አንድ ዓመት አድጋ፣ የአያት ወንበር ባዶ ሆኖ እናገኛለን። እንደ ተውነው የሚመለስልን ነገር የለም። ስለዚህ በሁለት ጉዞ መካከል ያሉት ቀኖች አደራችንን የምንረከብባቸው ብቸኛ ቀኖች ናቸው፤ ተኝተን ካሳለፍናቸው የሚተካቸው የለም።

እንግዲህ እኛ በዚህ ተስማምተናል። የደረስን ዕለት እንግዳ እንሁን፤ በማግሥቱ ልጆች እንሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ያልደረስነውን ለቅሶ እንድረስ። ከምንጭ የሚመለስ ጀሪካን አይተን መንገድ ከመልቀቅ ተቀብለን እንሸከመው። የተማርነውን ለታናናሾቻችን እናስጠና። ማታ እናታችን ስታወራ ስልኩን እናስቀምጠው። ያ የቡሬው ወንድማችን በነሐሴ መጨረሻ በሰው እርሻ አረም አርሞ ባገኘው ገንዘብ ለእኅቱ ደብተር ገዝቶላታል። እናቱ ግን እስከ ዛሬ ለምን እንደ ገዛ አታውቅም።

የቤታችንን ቀን እንድንቈጥር ማስተዋሉን እርሱ ይስጠን።